ጭንቀትን በብልቃጥ ለምትሸጡልን

ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ትናንት ማታ ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ ዓይነት ስክሪንሾት በኢንቦክስ ላኩልኝ። የቴሌግራም ማስታወቂያ ነው። ከላይ የእንክብል ብልቃጥ አለ፣ ከሥሩ «ለፈተና ጭንቀት፣ ለእንቅልፍ ማጣት፣ 100% ተፈጥሯዊ አሚኖ አሲድ፣ ምንም ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» ይላል። ቀጥሎ የኔ ፎቶ! ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ቆሜ። «ቲቸር እንዳስተማረን አሚኖ አሲድ የሰውነት ጡብ ነው» ብለው ጽፈውበታል።

አዎ ብያለሁ። ፕሮቲን ቤት ከሆነ አሚኖ አሲድ ጡቡ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ጡቡን በ4,800 ብር ገዝታችሁ ዋጡ ግን አላልኩም።

ሻጩ ራሱ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም። ጎበዝ ነበር፣ አሁንም ጎበዝ ነው፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ስደውልለት «ቲቸር፣ ይሄ እኮ መድኃኒት አይደለም፣ ምግብ ማለት ነው። አሜሪካ ያለ ሐኪም ወረቀት ነው የሚሸጠው። ደግሞ ይሄ የዲፕሎማ ትምህርት አይደለም፣ አዲስ ሳይንስ ነው» አለኝ። እሺ። በዲፕሎማዬ ልመልስልህ።

መጀመሪያ እውነት የሆነውን ልስጥህ። ቲያኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ሻይ ቅጠል ውስጥ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ጃፓኖች ናቸው ለይተው ያወጡት። ጤነኛ ሰው 200 ሚሊግራም ወስዶ ከባድ ሥራ ሲሰጠው ትንሽ ረጋ እንደሚል ያሳዩ ጥቂት ጥናቶች አሉ። አነስተኛና አጭር ጥናቶች ናቸው፣ ግን አሉ፤ አልክድም። (አንድ ስኒ ሻይ ውስጥ ያለው ከዚያ በጣም ያንሳል፣ ስለዚህ ሻይ ቤት ሄዳችሁ ራሳችሁን እንዳታክሙ።) ሕመም የሆነ ጭንቀት ያለባቸው ሰዎች ላይ ሲሞከርስ? በ2019 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። 46 ታካሚዎች፣ 10 ሳምንት፣ ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር ገሚሱ ቲያኒን፣ ገሚሱ ባዶ እንክብል ተሰጣቸው። ጭንቀታቸውን በመቀነስ ቲያኒኑ ከባዶው እንክብል አልበለጠም። ማስታወቂያህ ላይ ይሄ የለም።

ጋባ የምትለውም አንጎልን የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር መሆኑ ልክ ነው። ግን ያንን የሚያደርገው አንጎል ራሱ የሠራው ነው። በአፍ የተዋጠው ወደ አንጎል በበቂ መጠን መግባቱ አልተረጋገጠም። ትሪፕቶፋንም ሴሮቶኒን ይሠራበታል፣ ትክክል። ነገር ግን ወደ አንጎል የሚገባው ከሌሎች አሚኖ አሲዶች ጋር በአንድ በር እየተጋፋ ነው። ማታ አምስት ሰዓት ላይ አንድ ታክሲ ሲመጣ አይታችኋል አይደል? እንደዚያ። ብዙ ስለዋጥክ ብዙ ይገባል ማለት አይደለም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የላይሲን ነገር ነው። በ2004 የታተመ የሰሜን ምዕራብ ሶርያ ጥናት አለ። ድሃ ቤተሰቦች ናቸው፣ ዋና ምግባቸው ስንዴ። ስንዴ ላይሲን ያንሰዋል። ዱቄታቸው ላይ ላይሲን ተጨምሮ 3 ወር በሉ፣ ጭንቀታቸው ከፍ ያለ ወንዶች ላይ ጭንቀቱ ቀንሶ ታየ። ሻጮቹ ይህንን ሲጠቅሱ «ላይሲን ጭንቀት ያጠፋል» ይላሉ። ጥናቱ ያለው ግን የጎደለው ሰው ሲሞላለት ምን እንደሚሆን ነው። (ከአጥኚዎቹ መካከል አሚኖ አሲድ የሚያመርተው የጃፓኑ አጂኖሞቶ ባልደረቦች እንደነበሩም ይታወቅ።) እኛ ጋ የጎደለውን የሚሞላው ማነው? ሽሮ ነው! ምስር፣ አተር፣ ባቄላ ላይሲን አላቸው፤ ጤፍም ከስንዴ ይሻላል። እንጀራ በሽሮ የበላ ልጅ ጡቡን በልቷል። ያልበላ ካለ ደግሞ የሚያስፈልገው ምሳ ነው።

አሁን ወደ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ ትሪፕቶፋን የሚውጡ ሰዎች በከባድ የጡንቻ ሕመም መውደቅ ጀመሩ። ከ1,500 በላይ ሰው ታመመ፣ ቢያንስ 37 ሰው ሞተ። ምርቱ ሲከታተሉት ሾዋ ዴንኮ ከሚባል አንድ የጃፓን አምራች የመጣ ሆኖ ተገኘ። እነዚያም ሰዎች «ምግብ ማለት ነው» ተብለው ነበር የገዙት። «አሜሪካ ያለ ወረቀት ይሸጣል» ላልከኝም፣ በ1994 ባወጡት ሕግ መሠረት የዚህ ዓይነት ምርት ገበያ ከመውጣቱ በፊት መሥራቱን ለመንግሥት ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። ያለ ወረቀት መሸጡ ስለ ሕጋቸው እንጂ ስለ እንክብሉ ምንም አይነግርህም። ያንተ ብልቃጥ ደግሞ በሻንጣ የገባ ነው። ውስጡ ያለውን ማን መረመረው?

ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ዝም ልል እችል ነበር። ዝም ያላልኩት በአንዲት ልጅ ምክንያት ነው። ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው።

12ኛ ክፍል ናት። ጭንቀቷ የፈተና ብቻ አልነበረም፣ ሐኪም አይቷት ፍሉኦክሰቲን ጀምራ ነበር። አባቷ የቀን ሠራተኛ ናቸው። ከቴሌግራም ፋይቭ ኤች ቲ ፒ የሚባለውን ገዛች። ይሄ ትሪፕቶፋን ወደ ሴሮቶኒን ሲለወጥ መሀል ላይ የሚገኘው ነው። «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው፣ ችግር አለው?» ብላ ጠይቃለች፤ መልሱን አሳይታኛለች። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አብሮ ይሄዳል» ይላል፣ ከጎኑ አረንጓዴ ቅጠል። ፍሉኦክሰቲንም እሱም ሴሮቶኒንን ነው ከፍ የሚያደርጉት። ሁለቱ ሲደረቡ ሰውነት ሊመረዝ ይችላል፣ ሊገድልም ይችላል። በሦስተኛው ቀን ሌሊት እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ላብ አጠመቃት፣ ልቧ ደረቷን ሊበሳ ደረሰ። አባቷ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደውለው «መምህር፣ ልጄ ምን እንደነካት አላውቅም» አሉኝ። ድንገተኛ ክፍል የነበረው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው «ሌላ ምን ወሰድሽ?» ብሎ ነው። ልጅቷ «ምንም፣ መድኃኒቴን ብቻ» አለች። መዋሸቷ አልነበረም። ምግብ ነው ተብላለቻ! ብልቃጡን ከቦርሳዋ ያወጡት አባቷ ናቸው።

ዛሬ ደህና ናት፣ ተመስገን።

ልጆቹ ለምን እንደሚገዙ ይገባኛል። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆኗል፣ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2። ከመቶ ሦስት ልጅ! እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አልተኛም። እኛ መምህራንስ ምን አደረግን? «አንብቡ» ከማለት ውጪ «እንዴት አደራችሁ» ያልነው ስንቶቻችን ነን? እኔ ራሴ ያቺን ልጅ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሲወስዳት ሁለቴ ተቆጥቻታለሁ። ማታ እንደማትተኛ አልጠየቅኳትም። የኛ ዝምታ ነው ለሻጩ ገበያ የከፈተለት።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ብልቃጥ የገዛችሁ ካላችሁ ለሐኪሙ ይዛችሁ ሄዳችሁ አሳዩ፣ አትፈሩ፣ አይቆጣችሁም። የምታወሩት ሰው ያጣችሁ ሐሙስ ከስምንተኛ ፔሬድ በኋላ ላቦራቶሪው ክፍት ነው፣ እዚያ አለሁ። ሻይ አለ፣ ስኳር ግን ይዛችሁ ኑ።

አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ ይህን እያነበብክ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚያች ልጅ የሸጥክላት አንተ ነህ ወይስ ሌላ፣ አላጣራሁም፤ የቻናሉን ስም ልታሳየኝ አልፈለገችም። ከፈለግክ መጥተህ በጥናቶቹ ላይ እንከራከር፣ በሬ ክፍት ነው። ፎቶዬን ግን ዛሬውኑ አውርድልኝ።