ለ«ፖዘቲቭ» አንድ አማርኛ አትፈልጉለት

የዶክትሬት ተማሪ አበል የት እንደሚያደርስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን በስልክ አስተርጓሚነት እሠራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሐኪም ለአንዲት እናት የናሙና ምርመራቸውን ውጤት ስትነግር መካከል ላይ ነበርኩ። ሐኪሟ «ፖዘቲቭ» አለች። እኔም መሥሪያ ቤቱ ባደለን የቃላት ዝርዝር መሠረት «ውጤትዎ አዎንታዊ ነው» አልኩ። እናትየዋ «ተመስገን! እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉ። ካንሰር ነበር የተገኘባቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ቃሌን እንዴት እንዳረምኩ፣ እዚህ አልዘረዝርም።

ታሪኩን የማነሣው ለንስሐ ብቻ አይደለም። ስለ ቋንቋ ውይይት በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰዎች አጣለሁ ብዬ አላውቅም። አንደኛው «አማርኛ ለሳይንስ አይበቃም» ይላል። ሁለተኛው «ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ንጹሕ አማርኛ እናውጣለት» ይላል። ጠበኞች ይመስላሉ እንጂ የቆሙት አንድ መሬት ላይ ነው። ሁለቱም እንግሊዝኛን እያንዳንዱ ቃል አንድ ፍቺ ይዞ የተደረደረበት የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ አድርገው ያዩታል።

እስቲ ያንኑ ቃል እንመርምረው። ሥሩ ላቲን ነው፤ ማኖር፣ ማስቀመጥ ከሚል ግስ የወጣ። ይህ ጥንታዊ ፍቺ በሕግ ትምህርት ውስጥ ዛሬም ይኖራል፦ ከተፈጥሮ ሕግ በተለየ፣ ሰው ያወጣውና የደነገገው ሕግ ማለት ነው። ሕጉ መልካም ይሁን ክፉ ቃሉ አይናገርም። የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ሕጎች በዚህ ፍቺ «ፖዘቲቭ» ነበሩ፤ ይህን «አዎንታዊ ሕግ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ምን እያለ እንደሆነ ያስብበት። ፈረንሳዊው ኦገስት ኮምት ከ1830 እስከ 1842 ባሳተማቸው ስድስት ቅጾች ደግሞ ቃሉ በምልከታ የተረጋገጠ ዕውቀት መጠሪያ ሆነ። በሰዋስው ሳይወዳደር የቆመ ቅጽል ነው፤ «ረጅም» እንጂ «ይበልጥ ረጅም» ያልሆነ። ፎቶ ቤት ብትገቡ፣ በኔጋቲቩ ላይ የተገለበጠውን ነጭና ጥቁር ወደ ቦታው የሚመልሰው ምስል ነው። የኤሌክትሪኩ ታሪክማ ያስቃል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ18ኛው ክፍለ ዘመን በግምት ስም አወጣ፤ በ1897 ኤሌክትሮን ሲታወቅ በሽቦው ውስጥ የሚጓዘው «ኔጋቲቭ» ሆኖ ተገኘ። ግምቱ ሳተ፣ ስያሜው ግን እስከ ዛሬ በባትሪው ላይ ተጽፎ አለ።

እንግዲህ ለዚህ ሁሉ አንድ አማርኛ የሚፈልግ ሰው ምን እየፈለገ ነው? እንግሊዞቹ ራሳቸው አንድ ነገር የላቸውም። ያላቸው አንድ ድምፅ ነው፤ ፍቺውን እያንዳንዱ በየሙያው እየገባ ይማረዋል። ያልተማረው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕመምተኛም ሐኪሙ ፊት ግር ይለዋል።

«አዎንታዊ» በራሱ ጥፋት የለበትም። በሰዋስው ቤት ሲሆን ያምርበታል፤ «መጣ» አዎንታ፣ «አልመጣም» አሉታ። ግን ከ«አዎን» የወጣ ነውና እሺታንና በጎነትን ይዞ ይመጣል። በዚያ ላይ የ«አዎንታዊ አስተሳሰብ» ሰባኪዎች ማር ቀብተውታል። ሐኪም ቤት ሲገባ ይዋሻል። «እንግዲያው ፖዘቲቭ ብለን እንተወው» የሚሉም አልጠፉም። የተዋሰነው ቃልም እኮ የራሱ ታሪክ አለው። በኤችአይቪ ዘመን ያደግን ሰዎች «እሷ እኮ ፖዘቲቭ ናት» የሚለው በሹክሹክታ ሲነገር ፍቺው አንድ ብቻ ነበር። የደም ዓይነታቸው «ኦ ፖዘቲቭ» እንደሆነ ሲነገራቸው የሚደነግጡ አዛውንት ገጥመውኛል።

አማርኛ ይህን ነገር የተወጣው ቃል ለቃል በመተካት አልነበረም። «ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖች» ተባለ። ረዘመ፤ ግን አንድም ሰው በስህተት አልሰማውም። በ2012 ኮሮና ሲመጣም «ቫይረሱ ተገኘባቸው» አልን። ይህችን «ባቸው» ልብ በሉ። «ገንዘቡ ተገኘላቸው» እና «ገንዘቡ ተገኘባቸው» አንድ አይደሉም፤ አንዱ ለሰውየው፣ ሌላው በሰውየው ላይ ነው። እንግሊዝኛው በግሱ ላይ የሌለውን አማርኛ በአንዲት ቅጥያ ይሠራዋል። ደሃ የተባለው ቋንቋ ይኸው ነው። የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣምን ለማስረዳትም ሐኪሞቻችን «ሾተላይ» የሚለውን የእናቶች ቃል ነው ያነሡት፤ ማንም ኮሚቴ አልሰበሰበላቸውም።

በእርግጥ ቅጥያዋ ዋጋ ታስከፍላለች። የእርግዝና ምርመራ ውጤት ሲነገር «ተገኘብሽ» ልበል? ልጅ ስትለምን የኖረች ሴት ትሁን ያልፈለገች፣ በስልክ አላውቅም። ስለዚህ «እርጉዝ ነሽ» እላለሁ። አስተርጓሚ መወሰን አለበት፤ ዝርዝሩ አይወስንለትም።

አንድ መጽሐፍ ውስጥ፣ አንድ ሙያ ውስጥ ስያሜ ይጽና ቢባል እስማማለሁ። የፊዚክስ ተማሪ በየምዕራፉ አዲስ ቃል ሊገጥመው አይገባም። የምቃወመው የፊዚክሱን ቃል ለካንሰር ሕመምተኛዋ የሚያነብላትን ዝርዝር ነው።

ለመሥሪያ ቤቱ ጻፍኩ፤ ቃሉ በየሙያው ተከፋፍሎ ይጻፍ፣ ለሕክምናውም «ተገኝቷል» የሚል ይግባ ብዬ። በትሕትና መለሱልኝ። ሠንጠረዡ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ሣጥን ብቻ ነው ያለው አሉኝ።