ተዋጊው በሬና ባለቤቶቹ



በዚህ ጽሑፍ ብዙዎች በፍቅር የሚያዩትን ነገር እንነካለንና በትዕግሥት አንብቡን። የምንናገረው ስለ አሜሪካ ፉትቦል ነው። በአገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎቻችን የምናውቀው እግር ኳስ እንዳይመስላችሁ። ይህ ተጫዋቾች ሄልሜትና የትከሻ መከላከያ ለብሰው፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው፣ እርስ በርስ እየተላተሙ ሜዳ የሚቀማሙበት ጨዋታ ነው። በአሜሪካ ለምንኖር ምእመናን ግን ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ልጆቻችን በየሃይስኩሉ ይጫወቱታል። የዓመቱ ፍጻሜ የሆነው ሱፐር ቦውል የሚደረገውም በእሁድ ቀን ነው፤ ወጣቶቿን ሰብስባ በአዳራሽ የምታሳይ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት አይደለችም።

ጃንዋሪ 2 ቀን 2023 በሲንሲናቲ ከተማ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የቡፋሎ ቢልሱ ዳማር ሃምሊን፣ የ24 ዓመት ወጣት፣ ተቃራኒውን ተጫዋች ለመጣል ሲገጥም ደረቱን ተመታ። ተነሥቶ ቆመ፤ ወዲያው ወደ ኋላው ወደቀ። ልቡ ቆሞ ነበር። ተጫዋቾች ሜዳው ላይ ተንበረከኩ፤ በማግሥቱ አንድ የስፖርት ተንታኝ በቀጥታ ስርጭት ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። አገር ሁሉ ጸለየ፤ ወጣቱም ዳነ። እግዚአብሔር ይመስገን!

ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በዚያው ሳምንት መጨረሻ ጨዋታው ቀጠለ፤ እኛም ሶፋችን ላይ ተመለስን። ያ ግጭት ሕግ የጣሰ ምት እንዳልነበረ፣ በእያንዳንዱ ጨዋታ ደጋግመን የምናየው ዓይነት እንደሆነ ጠይቀን አልቆየንም። ሙግታችን እዚህ ላይ ነው። ለወደቀው መጸለይ ብቻውን ከተጠያቂነት አያድነንም። የሚጥለውን እያወቅን ዝም ካልን፣ ጸሎታችን የሕሊና ማስታገሻ ብቻ ይሆናል።

ሕጉ ምን ይላል?

በዘጸአት 21፥28-30 ላይ ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈ ሕግ አለ። አንድ በሬ ድንገት ሰውን ወግቶ ቢገድል፣ በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው። ነገር ግን በሬው ከዚህ በፊት የመውጋት ልማድ ካለው፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳለ ካልጠበቀው፣ ያን ጊዜ ባለቤቱም በደም ይጠየቃል። ልዩነቱን የሚያመጣው እውቀት ነው። ሳያውቅ የሆነበት አለ፤ አውቆ የተወ አለ። እግዚአብሔር ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም።

እንግዲህ በፉትቦል ጉዳይ ባለቤቱ ተነግሮታል ወይስ አልተነገረውም?

ተነግሮታል

ነገሩ የቆየ ነው። በ1905 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በአንድ የውድድር ወቅት ቢያንስ 18 ወጣቶች ሞቱ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ወደ ዋይት ሃውስ ጠሩ። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጨዋታውን አቆመ፤ ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ወደ ራግቢ ዞሩ። በ1906 ሕጉ ተለወጠ፤ ኳስን ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ፤ ተጫዋቾች በአንድ ላይ ተቆላልፈው የሚላተሙባቸው አሰላለፎች ታገዱ።

በ1978 ደግሞ የኒው ኢንግላንዱ ዳሪል ስቲንግሊ ለዝግጅት በተደረገ ግጥሚያ ላይ ተመትቶ አንገቱ ተሰበረ። የ26 ዓመት ወጣት ነበር፤ በ2007 እስኪሞት ድረስ በተሽከርካሪ ወንበር ኖረ።

እነዚህ ሁሉ በዓይን የሚታዩ ጉዳቶች ናቸው። የማይታየው ደግሞ አለ። እንቁላልን በኃይል ብትነቀንቁት ቅርፊቱ ሳይሰበር አስኳሉ ይፈርሳል። ሄልሜትም እንዲሁ የራስ ቅልን ከመሰበር ይጠብቃል፤ በውስጡ ያለው አንጎል እንዳይናወጥ ግን ሊያግደው አይችልም። ሐኪሞች ሲቲኢ ብለው የሚጠሩት የአንጎል በሽታ የሚመጣው ራስን ከሚያስት ትልቅ ምት ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት ከሚደጋገሙ ትንንሽ ምቶችም ይመጣል። ጊዜውን ጠብቆ የማስታወስ ችሎታን፣ ጠባይንና ማስተዋልን ይበላል። በእርግጠኝነት የሚታወቀውም ሰውየው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ነው።

ማይክ ዌብስተር ለፒትስበርግ ስቲለርስ ተጫውቶ አራት ሱፐር ቦውል ያሸነፈ ጀግና ነበር። አእምሮው ታውኮ፣ ኑሮው ተበትኖ፣ በ2002 በ50 ዓመቱ ሞተ። አንጎሉን የመረመረው ከናይጄሪያ የመጣ ሐኪም ዶክተር ቤኔት ኦማሉ ነው። ኦማሉ ያየውን በ2005 በሕክምና መጽሔት ሲያሳትም፣ የሊጉ የጭንቅላት ጉዳት ኮሚቴ ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲሻር ጠየቁ። ኮሚቴው በ1994 ሲቋቋም በሊቀ መንበርነት የተሾመው የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪም እንጂ የአንጎል ሐኪም አልነበረም።

በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ111 የቀድሞ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾችን አንጎል መርምረው በ110ሩ ላይ በሽታውን አገኙ። እውነቱን ለመናገር፣ አንጎሎቹን የለገሱት ብዙ ጊዜ ምልክቱን ያዩ ቤተሰቦች ናቸውና ቁጥሩ ስለ ተጫዋቾች ሁሉ አይናገርም። ነገር ግን በሬው ይወጋ እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ይህ በቂ ምስክር ነው። በ2016 የሊጉ የጤናና ደኅንነት ኃላፊ ራሳቸው በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ተጠይቀው በጨዋታውና በበሽታው መካከል ግንኙነት እንዳለ አምነዋል።

ሕጉ በ30ኛው ቁጥር ላይ ስለ ቤዛ ገንዘብም ይናገራል። ሊጉም ከፍሏል። የቀድሞ ተጫዋቾች ከሰሱ፤ በ2015 የጸደቀው ስምምነት እስከ አሁን ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏል። ግን አከፋፈሉን ተመልከቱ! ተጎጂዎቹ ሲመዘኑ፣ ጥቁር ተጫዋቾች ከመጀመሪያውም የማሰብ ችሎታቸው ዝቅ ያለ ነው የሚል መለኪያ ይሠራበት ነበር። ጥቁሩ ሰው መጎዳቱን ለማስረዳት ከነጩ ይልቅ የባሰ መጎዳት ነበረበት። ይህ መለኪያ እንዲቀር ስምምነት የተደረሰው በ2021 ነው። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረን ሰው ከነሕይወቱ ሳለ ለጉልበቱ፣ ከተሰበረ በኋላ ደግሞ በቆዳው ቀለም የመዘነ ሥርዓት በነቢዩ አሞጽ ዘመን ቢሆን ምን በተባለ ነበር?

የሚቀርቡ ሰበቦች

አንዳንድ ወንድሞች «ፈቅደው የገቡበት ነው» ይላሉ። እኛ ግን ዳዊትን እናስታውሳለን (2ኛ ሳሙ. 23፥13-17)። ዳዊት የቤተ ልሔምን ውኃ በተመኘ ጊዜ ሦስቱ ኃያላን የጠላትን ሰፈር ጥሰው ውኃውን አመጡለት። ማንም አላስገደዳቸውም። ዳዊት ግን «ፈቅደው ነው» ብሎ አልጠጣውም። በነፍሳቸው ተወራርደው ያመጡትን ውኃ እንደ ደማቸው ቆጥሮ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ጥያቄው እነርሱ ፈቀዱ ወይ የሚል ብቻ አይደለም፤ እኛ ልንጠጣው ይገባናል ወይ የሚልም ነው። ደግሞስ የስምንት ዓመት ልጅ ስለ 50 ዓመት አንጎሉ ምን ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል? የሳን ፍራንሲስኮው ክሪስ ቦርላንድ በ2015፣ በ24 ዓመቱ፣ ነገሩን አጥንቶ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ጨዋታውን ተወ፤ ከፊርማ ክፍያውም አብዛኛውን መለሰ። የሚያውቅ ሰው ሲመርጥ እንዲህም ይመርጣል።

ሌሎች «ብዙ ገንዘብ ይከፈላቸዋል» ይላሉ። በኤንኤፍኤል 32 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 53 ተጫዋች ቢይዙ ከ1,700 አይበልጡም። በየሃይስኩሉ የሚላተሙት ልጆች ግን አንድ ሚሊዮን ያህል ናቸው። ለእነርሱ የሚከፍል የለም። ሰው ዓለሙን ሁሉ አትርፎ ነፍሱን ቢያጎድል ምን ይጠቅመዋል ያለንን ጌታ የምንከተል ሰዎች፣ ሰውን በደመወዙ መመዘንስ ከወዴት ተማርነው?

«ማንኛውም ስፖርት ይጎዳል» የሚሉም አሉ። አዎን፣ ሯጭም ይወድቃል፣ እግር ኳስ ተጫዋችም ይሰበራል። በዚያ ግን መላተም አደጋ ነው፤ በዚህ ሥራው ራሱ ነው። ጨዋታው ልጆችን ሥርዓት፣ ጽናትና ወዳጅነት እንደሚያስተምር፣ ለአንዳንዶችም የኮሌጅ በር እንደከፈተ አንክድም። ይህን ሁሉ ግን አንጎልን ሳይከፍሉ ማግኘት ይቻላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነን «ጸልየን እንልካቸዋለን፤ ጌታ ይጠብቃል» የሚለው ነው። ጌታ ይጠብቃል፤ አሜን። ነገር ግን ዲያብሎስ ጌታን በመቅደሱ ጫፍ አቁሞ መላእክት ይይዙሃልና ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ፣ ጌታ እሺ አላለውም (ማቴ. 4፥5-7)። በዘዳግም 22፥8 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ጣራ ላይ የሚወጡትን በጸሎት ብቻ አደራ ስጥ አልተባለም። ሃምሊንም የዳነው እየተጸለየለት ብቻ አይደለም፤ ልቡን በእጃቸው የሚጫኑ ባለሙያዎችና የልብ ማስነሻ መሣሪያ በሜዳው ዳር ተዘጋጅተው ስለ ነበር ነው። መከታው ተሠርቶ ነበር። በብዙ ትምህርት ቤት ሜዳ ግን ይህ የለም።

የምናይ ዓይኖች

በሬው የሊጉ ባለጠጎች ብቻ ነው ብለን እንዳንሸሽ። ሱፐር ቦውልን በ2024 ከ120 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። ማስታወቂያው የሚሸጠው በእኛ ዓይን ነው። በሬውን የሚቀልቡ ሁሉ ባለቤቶቹ ናቸው።

የጥንት አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። የካርቴጁ ተርቱሊያኖስ በ200 ዓ.ም. ገደማ ክርስቲያኖች ወደ ደም ትርኢት እንዳይሄዱ አንድ መጽሐፍ ሙሉ ጽፏል። አውግስጢኖስም ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ ይነግረናል። ወዳጆቹ እየጎተቱ ወደ ሮም የትግል አደባባይ ወሰዱት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ሕዝቡ ሲጮኽ ግን ዓይኑን ገለጠ፤ በዚያች ቅጽበትም ከሕዝቡ አንዱ ሆነ። ፉትቦል የሰይፍ ትግል አይደለም፤ ማንም ሊገድል አይገባም። ነገር ግን አንድ ሰው ተመትቶ ሲወድቅ «ኦ!» ብለን ከወንበራችን ስንነሣ፣ ያ ጩኸት ከየት እንደመጣ ልባችንን እንመርምር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የፈቃድ ቅጽ ይዞ ሲመጣ ከሌሊት ሥራ ተመልሳችሁ በድካም አትፈርሙ። ልጁ ሃይስኩል እስኪደርስ ድረስ መላተም ያለበትን ጨዋታ አትፍቀዱ፤ መነካካት የሌለበት ፍላግ ፉትቦል አለ። ሃይስኩል ሲደርስም ጠይቁ፦ በሜዳው የሠለጠነ የጤና ባለሙያ አለ? የልብ ማስነሻ መሣሪያ አለ? ራሱን ተመትቶ መደበቅ ጀግንነት እንዳልሆነ ለልጃችሁ ንገሩት።

የወጣት አገልጋዮች ሆይ፣ ሰው ለመሰብሰብ ብላችሁ ጨዋታውን በአዳራሽ የምታሳዩ ከሆነ፣ በዚያው ምሽት ስለ ተዋጊው በሬም አስተምሩ። ይህን ለመናገር ካፈራችሁ ስክሪኑን ባትከፍቱት ይሻላል።

ተመልካቾች ሆይ፣ የ1906ቱ ሕግ የተለወጠው ሰው ስለ ጮኸ ነው። ዛሬም ጨዋታው ሊለወጥ ይችላል። ኤንኤፍኤል በ2024 የጨዋታ መጀመሪያ ሕጉን ቀይሯል፤ ፍላግ ፉትቦልም በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ይገባል። የፉትቦል ዕጣ እኛ በምንታገሠውና በማንታገሠው ላይ ያርፋል። ጨዋታው ይጥፋ አንልም፤ በሬው ይታሰር እንላለን።

ለደስታችን ሲባል የማንም ልጅ አንጎል ሊፈርስ አይገባም። ለእኛ ደስታ ሥጋው የተቆረሰ፣ ደሙም የፈሰሰ አንድ አለ። እርሱ አውቆና ወዶ፣ አንድ ጊዜ ለዘላለም ራሱን ሰጠ፤ ይህም በቂ ነው። ይህን ጌታ ገና ያላወቅህ ወዳጃችን ሆይ፣ እርሱ ስትወድቅ ከዳር ቆሞ የሚያይ አይደለም፤ ሊያነሣህ ወደ ሜዳው የወረደ ነው። ወደ እርሱ ና።

ጌታ የሚያይ ዓይንና የሚራራ ልብ ይስጠን። አሜን።