ፎርጅድ አይረን ወይስ ይቅር ባዩ? ክርናችሁን ጠይቁት



ስለ ግፊት፣ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ስኳር ስናወራ ከርመን ዛሬ ስለ ጎልፍ ዱላ ልጽፍ ነው። «ዶክተር ሀብታም ሆነ መሰለኝ» እንዳትሉኝ። እኔ ጎልፍ አልችልም። ዱላውን ያወቅኩት በታካሚዎቼ ክርን በኩል ነው። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሕዝብ የሚጫወትባቸው የካውንቲ ሜዳዎች አሉ፤ እዚያ የሚሄዱ የኛ ሰዎችም አልፎ አልፎ ክርናቸውን ይዘው እኔ ጋ ብቅ ይላሉ።

መጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። እኛ ጋ ፎርጅድ ሲባል ሀሰተኛ ማለት ነው። ፎርጅድ ዲግሪ፣ ፎርጅድ መንጃ ፈቃድ እንላለን። ጎልፍ ውስጥ ግን ቃሉ የክብር ነው፤ የተቀጠቀጠ ብረት ማለት ነው። አይረን የሚባሉት ባለ ብረት ጭንቅላት ዱላዎች በሁለት መንገድ ይሠራሉ። አንደኛው ለስላሳ የካርቦን ብረት አግሎ በከባድ ማሽን እየጨፈለቁ ቅርጽ ማስያዝ ነው፤ ይሄ ፎርጅድ ነው። ሁለተኛው ብረቱን አቅልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ማፍሰስ ነው፤ እሱን ካስት ይሉታል። ማረሻ በሚቀጠቅጥ ሰውና ብረት ድስት ቀልጦ በሚፈስበት ፋብሪካ መካከል ያለውን ልዩነት አስቡት።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። 58 ዓመታቸው ነው። ስኳር አለባቸው። ለዓመታት «እባክዎ በእግር ይሂዱ» ስላቸው «እሺ» ብለው ይወጡና ከመኪናቸው አይወርዱም ነበር። ከዚያ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጎልፍ ሜዳ ወሰዷቸው። 18ቱን ቀዳዳ በእግር የጨረሰ ሰው ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጋሼ ኳስ ሲፈልጉ ደግሞ ከዚያም በላይ ሳይሄዱ አይቀሩም። በአንድ ዓመት ውስጥ የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው ከ8.4 ወደ 6.9 ወረደ። የኔ ምክር ያልቻለውን ትንሽ ነጭ ኳስ ቻለችው።

ባለፈው የጸደይ ወራት ግን ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ዶክተር፣ ይቺን ክርኔን አንዴ በመርፌ ውጋልኝና ልሂድ።»

«መርፌው ይደርሳል ጋሼ። መቼ ጀመረዎት?»

«ስድስት ሳምንት ሆነው። የቡና ስኒ ማንሳት ሁሉ ያመኛል። እርጅና ነው መሰለኝ፣ ጎልፉን ልተወው ነው።»

የቀኝ ክርናቸውን የውስጠኛውን አጥንት ጫን ሳደርገው ከወንበራቸው ተነሱ። የእጅ አንጓን ወደ ውስጥ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ጅማታቸው የሚያያዘው እዚያ ነው። በሕክምናው ዓለም የጎልፈኛ ክርን ይባላል። ምርመራው ቀላል ነበር፤ ከባዱ ጥያቄ ምን ተለወጠ የሚለው ነው። ዓመት ሙሉ ሲጫወቱ ደህና ከነበሩ፣ ከስድስት ሳምንት በፊት ምን ሆነ?

ዱላ ቀይረው ነበር። ከአለቃቸው በ300 ዶላር ገዝተው። «እውነተኛ ፎርጅድ ናቸው» አሉኝ፣ ሕመሙን ለአፍታ ረስተው። «ታይገር ዉድስ የሚመታባቸው ዓይነት ብሌድ። የድሮዎቹን ለልጄ ሰጠሁት፣ የጀማሪ ናቸው።» ከመኪናቸው አንዱን አምጥተው አሳዩኝ። እውነት ለመናገር ያምራል፤ ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጌጥ የሚመስል ነገር ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልንገራችሁ። ክርናቸውን ያሳመመው ብረቱ መቀጠቀጡ አይደለም። ፎርጅድ ሆኖ ይቅር ባይ የሆነ አይረን ሞልቷል፤ በካስት የሚመቱ ጎበዝ ፕሮፌሽናሎችም አሉ። ወሳኙ የጭንቅላቱ ቅርጽ ነው። ብሌድ የሚባለው ትንሽ ነው፣ የታችኛው ጠርዙ ቀጭን ነው፣ ክብደቱም ከመሃሉ ጀርባ የተከማቸ ነው። ይቅር ባዩ ደግሞ ጀርባው ተቦርቡሮ ክብደቱ ወደ ዳርና ዳር ይወሰዳል። ጀሪካን በሁለት እጁ አራርቆ የያዘ ሰው ትከሻውን ገፋ ብታደርጉት በቀላሉ አይዞርም። ባዶ እጁን የቆመው ግን ወዲያው ይዞራል። ዱላውም እንደዚያው ነው። ኳሷን ከመሃል ስትስቱ ብሌዱ እጃችሁ ውስጥ ይጠመዘዛል፣ ይቅር ባዩ ግን ብዙም አይነቃነቅም። የተጠመዘዘውን ዱላ የሚይዘው ማነው? ክንዳችሁ ነው፤ ጫፉ ደግሞ ክርናችሁ ላይ ነው።

ከመጠምዘዙ የባሰው ግን መሬቱ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ከኳሷ በፊት አፈሩን ይመታል። ቀጭኑ ጠርዝ እንደ ዶማ ይቆፍርና ቀጥ ይላል፤ ሰፊው ጠርዝ ግን ተንሸራቶ ያልፋል። ጋሼ ደግሞ አዲሱን ዱላ «ለመልመድ» በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ ሜዳ ሄደው ከሲሚንቶ በላይ በተነጠፈ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ መቶ መቶ ኳስ ይመቱ ነበር። ሲሚንቶ አይቆፈርም። ድንጋጤው በሙሉ ወደ ላይ ይመለሳል።

ዘንጉም አለ። የአለቃቸው ዱላ ዘንጉ ጠንካራ ብረት ነበር፣ ብቻውን ከ120 ግራም በላይ የሚመዝን። ግራፋይት የሚባለው ዘንግ ግማሹን ያህል ቢመዝን ነው፤ ንዝረቱንም ያበርዳል። እኔን ብትጠይቁኝ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነና ክርኑን ለሚያመው ሰው ፎርጅድ ነው ካስት ነው ብሎ ከመከራከር በፊት መታየት ያለበት ይሄ ነው።

«የፎርጅድ ስሜቱ ልዩ ነው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ስሜት አልክድም። ግን ዱላው ከኳሷ ጋር የሚነካካው ለግማሽ ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ስሜቱ አንጎላችሁ ጋ ሲደርስ ኳሷ ሄዳለች። «ለስላሳ» የምንለው ነገር ትልቁ ክፍል ደግሞ ድምፁ ነው፤ ጆሯችሁን ደፍናችሁ ብትመቱ ግማሹ ይጠፋል።

ለብሌዱም ፍትሕ ልስጥ። ጎበዝ ተጫዋች ኳሷን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አጥፎ ይልካል፣ ዝቅ አድርጎም ከፍ አድርጎም ይመታል፤ ትንሹ ጭንቅላት ለዚያ ይታዘዝለታል። ርቀቱም የተመጠነ ነው። ይቅር ባዮቹ ደግሞ የራሳቸው ጉራ አላቸው። ሱቅ ውስጥ «በዚህ 7 ቁጥር ሃያ ሜትር ጨመርኩ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የተታለለው በማዕዘኑ ነው። የብሌድ 7 ቁጥር ወደ 34 ዲግሪ ያዘነብላል፣ የዘመኑ ይቅር ባይ 7 ቁጥር ግን 28 አካባቢ ነው። ቁጥሩ 7 ይባላል እንጂ የድሮ 5 ቁጥር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሻጭ ርቀት ሲነግራችሁ ዲግሪውን ጠይቁት።

የማልቀበለው ግን አንድ ክርክር አለ። «ከባዱ ዱላ ያስተምርሃል፣ ስትስት ስለሚያምህ ታርመዋለህ» የሚለው። ይሄ የየኔታ ኩርኩም ነው። ሕመም የሚያስተምረው ምን እንደሳተ የሚያውቅና ጅማቱ በቶሎ የሚያገግም ሰው ነው፤ በየቀኑ አሠልጣኝ አጠገቡ የቆመ የ20 ዓመት ልጅ። የ58 ዓመት ሰው፣ በዚያ ላይ ስኳር ያለበት፣ ጅማቱ ቀድሞውንም በቀላሉ ይጎዳል፣ ለመዳንም ይዘገያል። እንዲያውም ይቅር ባዮቹን አይረኖች ያስፋፋው ካርስተን ሶልሃይም ኖርዌይ የተወለደ የጀነራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ ጎልፍ የጀመረው በ42 ዓመቱ ነው። ኳስ ወደ ቀዳዳ መግፋት ስላስቸገረው ለራሱ ዱላ ሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ፒንግ የሚባለውን ኩባንያ መሠረተ፤ ክብደትን ወደ ዳር የማውጣቱን ሐሳብም ወደ አይረን አመጣው። የእሱ ዱላዎች ካስት ናቸው፤ ፕሮፌሽናሎችም ዋንጫ በልተውባቸዋል። ታዲያ ጋሼ የሚያፍሩበት ምን አለ?

መርፌውን በተመለከተ፣ አልወጋኋቸውም። ይህ ሕመም ሲቆይ እሳት ያለበት ብግነት ሳይሆን የጅማቱ ክሮች መበላሸት ነው። የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ደስ ይላል። በውጪው የክርን ጎን ሕመም ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ከዓመት በኋላ የተወጉት ካልተወጉት የባሰ ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ አሳይተዋል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ መርፌው ለቀናት ስኳሩን ከፍ ያደርጋል።

ያዘዝኩላቸው ይሄንን ነው። ክንድን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ፣ ግማሽ ኪሎ ክብደት መያዝ። በሌላው እጅ ረድቶ አንጓን ወደ ላይ ማጠፍ፣ ከዚያ በሕመምተኛው እጅ ብቻ አራት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማውረድ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በየቀኑ። ትንሽ ቢያም ችግር የለውም፤ በማግስቱ ከባሰ ክብደቱን መቀነስ ነው። ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ነው፣ አንዳንዱ ከዚያም ይረዝማል። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ መቼም መርፌ የሚወድ ሕዝብ ነን። ዱላውንም እንደ ሌባ አንገት አንቆ መያዝ ይቅር፤ ብዙ ሰው እጀታውን ከሚገባው በላይ ይጨብጠዋል። ልምምዱ ከሰው ሠራሽ ሣር ወደ እውነተኛው ሣር ይዛወር።

እኔ ጋ ሳትመጡ ዝም ብላችሁ ልምምድ እንዳትጀምሩ የምላችሁ ደግሞ አሉ። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ ነርቭ ሊሆን ይችላል። መሬት ከመታችሁ በኋላ መዳፋችሁ ሥር በትንሿ ጣት በኩል የሚያም ከሆነ ትንሽ አጥንት ተሰብራ ሊሆን ይችላል፤ ተራ ራጅ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፣ ለሐኪማችሁ ጎልፍ መጫወታችሁን ንገሩት። የግራ ክንድ ሕመም ከደረት መጨናነቅ ወይም ከላብ ጋር ከመጣ ደግሞ ስለ ዱላ አታስቡ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

ለምን ስለ ዱላ ይሄን ያህል ተጨነቅኩ? ጋሼ «ልተወው ነው» ስላሉኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ወደ 300,000 በሚሆኑ ጎልፍ ተጫዋቾች ላይ ያወጣው ጥናት የሞት መጠናቸው በዕድሜም በኑሮም ከሚመስሏቸው ሰዎች በ40 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጎልፉ ነው ያዳናቸው ማለት አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ነው ቀድሞውንም ሜዳ የሚወጣው። የጋሼን 8.4 እና 6.9 ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አለቃ ፊት ለማማር ሲባል ያቺን ቁጥር መመለስ አልፈለግኩም።

ለስድስት ሳምንት ዱላ ሳይወዛወዙ ከጓደኞቻቸው ጋር ሜዳውን እየዞሩ አጭሯን ኳስ ብቻ ገፉ። ከልጃቸው የድሮዎቹን አይረኖች ተቀብለው ግራፋይት ዘንግ አስገጠሙላቸው። አራተኛው ወር ላይ ሲመጡ የቡና ስኒው ቀርቶ የውሃ ጀሪካን ያነሳሉ፤ ስኳራቸው 7.0 ነው።

«የአለቃዎትን ዱላስ?» አልኳቸው።

«ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እንግዳ ሲመጣ ያየዋል።»

እናንተም ክርናችሁን የሚያማችሁ ካላችሁ፣ ጎልፍም ይሁን ቴኒስ፣ እንጀራ መጋገርም ይሁን፣ በውስጥ ጎን ነው ወይስ በውጪ፣ ስንት ጊዜ ሆነው የሚለውን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የውጪውን ጎን ልምምድ በሚቀጥለው ሳምንት በቪዲዮ አሳያችኋለሁ።