ኮስተር ወይስ ላንድክሩዘር?

ደባርቅ ላይ በማስጎብኘት የሚኖር ሰው ገንዘብ ቢያጠራቅም የቱን መኪና ይግዛ? ከዳባትና ከደባርቅ ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ከዳባት፦

መጀመሪያ ሰው እንቁጠር። ሦስት ጎብኚ መጣ እንበል። አስጎብኚ፣ የስሜን ተራሮች ፓርክ የሚያስገድደው ስካውት፣ ወጥ ሠሪና ሾፌር ሲጨመሩ ሰባት ሆኑ፤ ድንኳኑና ቀለቡ ገና አልተጫነም። ላንድክሩዘሩ ሞላ። ሌላ ሁለት ሰው ከመጣ ሁለተኛ መኪና መከራየት ነው።

ደግሞስ ጎብኚው ማን ሆነና? ጦርነቱ ከተነሣበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፈረንጁ ሳስቷል። ዛሬ ተስፋ የሚጣለው ለጥምቀት ጎንደር በሚገባው የአገር ልጅ፣ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና ሽርሽር በሚወጣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ላይ ነው። እነዚህ ሃያም ሠላሳም ሆነው፣ አዋጥተው ነው የሚመጡት። ላንድክሩዘር በኮንትራት ይዞ ጭላዳ ሊያይ የወጣ ተማሪ አላጋጠመኝም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ኮስተር አስፋልት ላይ ሥራ አያጣም፤ ሰርግ አለ፣ ተዝካር አለ።

ጉልበት የለውም ለሚሉኝም፦ በአገራችን ከሚታዩት የቆዩ ኮስተሮች ውስጥ 4.2 ሊትሩን፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩን የናፍጣ ሞተር የተሸከሙ አሉ። ያው ሞተር በላንድክሩዘሩም ውስጥ አለ።

ከደባርቅ፦

ወንድሜ፣ ሞተሩን ማንሣትህ ደግ አደረግህ፤ የምይዝህም በእሱ ነው። ያ ሞተር ቱርቦ የለውም። ፓርኩ ውስጥ ያለው ሳንቃበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። በቀረው ጉልበት ሦስት ቶን ግድም መሳብና ሰው የሞላበትን አምስት ቶን መሳብ ይለያያል።

ከከተማ ወጥተህ ወደ ፓርኩ ስትታጠፍ መንገዱ ፒስታ ነው። ዝናብ የጣለ ዕለት የኋላ ጎማው ብቻ የሚስብ መኪና ጭቃው ውስጥ ይሽከረከራል፤ የኮስተር ረጅም ጅራት ደግሞ ቦይ በተሻገረ ቁጥር መሬት ይልሳል። ዋልያ ደህና አድርጎ የሚታየው ጨነቅ ነው። ከዚያ አልፎ ወደ ጃናሞራ የሚወስደው መንገድ በብዋሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ ኮስተርህን ልየው!

የክረምቱ ሥራም ቢሆን፣ ታፔላ የሌለው መኪና በመስመር ሰው አይጭንም። ሰርጉስ? በሐምሌ ማን ይድራል? ሰርጉም በጥር ነው፣ ጎብኚውም በጥር።

ከዳባት፦

በሰርጉ ረታኸኝ። ጨነቅን ግን ተወው፤ ደርሶ መልስ የሚሄድ ተማሪ ሳንቃበር ጭላዳውን አይቶ፣ ፎቶውን ተነሥቶ ማታ ቤቱ ነው። ጨነቅ የሚያድር እንግዳ ሲመጣ ላንድክሩዘር ለዚያ ጉዞ ብቻ እከራያለሁ። አንተ ግን ሠላሳ ሰው ሲደውልልህ፣ በጥምቀት ሰሞን ከጎንደር ባዶ ኮስተር ከየት ታገኛለህ?

ከደባርቅ፦

አላገኝም። ሠላሳውን ለአንተ እልክልሃለሁ፤ ከመንገድ ስትቀር የምትደውለው ለእኔ ነው፣ የመጎተቻውንም ሂሳብ ከአሁኑ እንነጋገር።