ነዋሪው የተነሣለት ዳርቻ

በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ፣ ኬፕ ብሬተን ደሴትን በመኪና የዞረ ሰው ብዙውን ጊዜ «ሰው ያልነካው ተፈጥሮ አየሁ» ብሎ ይመለሳል። ካቦት ትሬይል 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ዙሪያ መንገድ ነው፤ በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ባሕር። ውበቱን የሚክድ የለም። «ያልተነካ» የሚለው አባባል ግን ሐሰት ነው፤ የሚበድለውም ሰው አለ።

ከቼቲካምፕ መንደር ተነሥቶ መንገዱ ወደሚያቋርጠው ብሔራዊ ፓርክ እንደተገባ ካፕ ሩዥ ይገኛል። ሾፌሮች ዳር ይዘው ባሕሩን ፎቶ የሚያነሡበት ይህ ቦታ ዓሣ እያጠመዱና እያረሱ የሚኖሩ አካዲያውያን የተባሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች መንደር ነበር። በ1936 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓርኩ ሲቋቋም መንግሥት መሬታቸውን ወስዶ አስነሣቸው። ከ1755 ጀምሮ እንግሊዞች ካፈናቀሉት ሕዝብ የተወለዱ ናቸውና መነቀል ለዘራቸው አዲስ አልነበረም። ለ ቡተሮ በሚባለው አጭር የእግር መንገድ ለሄደ ሰው የቤቶቻቸው መሠረት ዛሬም በሣሩ መካከል ይታያል። ስንቱ ግን ከመኪናው ወርዶ ያየዋል?

ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት ሕዝብ የሚጎርፍበት፣ በዚያው ፓርክ ያለው ስካይላይን የተባለ የእግር መንገድም ያልተነካ አይደለም። ሙስ የሚባለው ግዙፍ የአጋዘን ዘር ከደሴቱ በአደን ካለቀ በኋላ፣ በ1947 እና በ1948 ከአልበርታ ጥቂት ሙሶች መጥተው ተለቀቁ። በ1970ዎቹ አባጨጓሬ ትልልቆቹን ዛፎች ሲፈጅ፣ የተራቡት ሙሶች ቡቃያውን እየጋጡ ደኑን እንዳያገግም ከለከሉት። ጎብኚው የሚያደንቀው ገላጣ ሣር በከፊል የዚህ ውጤት ነው። ችግኝ ለማዳን ፓርኩ አጥር እስከ ማጠር ደርሷል።

«ፓርኩ ባይኖር ዳርቻው በመጋዝና በባለጸጋ ቪላ ባለቀ ነበር» ይሉኛል። ሊሆን ይችላል፤ ጥበቃው ተገቢ ነው። ሰው ማስነሣት ግን የጥበቃ ግዴታ አልነበረም። በኒውፋውንድላንድ ግሮስ ሞርን ፓርክ ሲቋቋም ሮኪ ሃርበርን የመሰሉ መንደሮች ሳይነሡ በዙሪያቸው ተከልሏል። ፓርኩ ሲሠራ የመንደርተኛው የዓሣ ማጥመጃ ጀልባም ይሠራል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ለዋልያና ለጭላዳ የሚጨነቅ ሰው ስለ እነሱም የመጠየቅ ዕዳ አለበት።

ስለዚህ የካቦት ትሬይልን ዙር በአንድ ቀን ጨርሶ መመለስን የሚያስተዋውቅ የጉዞ ጽሑፍ ሁሉ ይታረም። ነባር ሕዝብ የሆኑት ሚክማኮች ኡናማኪ በሚሏት በዚህች ደሴት ከማንም በፊት እንደኖሩና ዛሬም እንዳሉ ይናገር። ካፕ ሩዥን በፎቶ ማንሻነቱ ብቻ አያስተዋውቅ፤ መሬታቸው የተወሰደባቸውን ቤተሰቦች ታሪክ ይጻፍበት። ተጓዡም ቼቲካምፕ ይደር፤ የእነዚያን ቤተሰቦች ልጆች የሚያገኘው እዚያ ነው።