የሰውነትን ሥራ በስም ዝርዝር አንፈትን

በአሜሪካ ነርስ፣ የራጅ ባለሙያ ወይም የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ መሆን የሚፈልግ ሰው ከሚያልፍባቸው ደጆች አንዱ የአናቶሚና ፊዚዮሎጂ ትምህርት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሴሚስተር ተከፍሎ በኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ይሰጣል፤ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች አመልካች ሲመርጡ አጥብቀው ከሚያዩዋቸው ውጤቶች አንዱም ይኸው ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው፣ በሲያትል፣ በዳላስና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በአረጋውያን መንከባከቢያ ሌሊት እየሠሩ፣ ቀን ልጅ እያሳደጉ ይህንኑ ትምህርት በኦንላይን ይወስዳሉ። ኮሌጁ ቅርብ ቢሆንም ሰዓቱ አይገጥምላቸውም። ስለዚህ «የሰው አካል ትምህርትን ከቤት ሆነው ይማሩታል ወይ?» የሚለው ክርክር የብዙ ቤተሰብ ኑሮ የተንጠለጠለበት ጥያቄ ነው። እኔ አዎን፣ ይማሩታል ባይ ነኝ። የርቀት ትምህርቱን የሚያዳክመው በብዙ ቦታ የተለመደው የአፈታተን ዘዴ ነው። ፈተናው የአካል ክፍሎችን ስም ብቻ እየጠየቀ ከቀጠለ፣ ተማሪው ክፍል ውስጥ ቢቀመጥም ቤቱ ቢቀመጥም የሚያገኘው እውቀት ያው ጎዶሎ ነው።

ትምህርቱ በአንድ ስም ቢጠራም ሁለት ዓይነት ሥራ አለበት። አናቶሚ የአካል ክፍሎችን ቅርጽ፣ ቦታና ስም ያስተምራል፤ የአዋቂ ሰው አጥንት 206 ነው፣ ልብ አራት ክፍል አለው፣ ኩላሊት ከጀርባ በኩል ይገኛል ይላል። ፊዚዮሎጂ ደግሞ እነዚህ ክፍሎች እንዴት ተባብረው ሕይወትን እንደሚያቆዩ ይመረምራል። ፈረንሳዊው ክሎድ በርናርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ አሜሪካዊው ዋልተር ካነን ደግሞ በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ያሳዩት ትልቅ ነገር፣ ሰውነት ሙቀቱን፣ ውኃውን፣ ስኳሩንና የደም ግፊቱን በየደቂቃው እያስተካከለ የሚኖር መሆኑን ነው። ይህን የሚማር ሰው «ይህ ሲቀንስ ያኛው ምን ይሆናል?» እያለ ምክንያትን ከውጤት ጋር ማያያዝ አለበት። ጆኤል ማይክል የተባሉ የፊዚዮሎጂ መምህር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ትምህርቱ ለምን እንደሚከብድ ሌሎች መምህራንን ጠይቀው ነበር። መምህራኑ ከሰጧቸው ምክንያቶች ጎልቶ የወጣው የትምህርቱ ባሕርይ ራሱ፣ ማለትም የምክንያትና ውጤት ሰንሰለትን መከተል መጠየቁ ነው። እንግዲህ ተማሪውን የሚፈትነው ትልቁ ዳገት የማሰብ ዳገት ከሆነ፣ ዳገቱን ለመውጣት የግድ አንድ ክፍል ውስጥ መሰብሰብ አያስፈልግም።

ለዚህ ከዊልያም ሃርቪ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። እንግሊዛዊው ሐኪም ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዞር ያስረዳበትን መጽሐፍ ያሳተመው በ1628 ነው። ከዚያ በፊት ደም ከምግብ ጉበት ውስጥ እየተሠራ በየአካሉ ተበልቶ ያልቃል ተብሎ ይታመን ነበር። ሃርቪ ብዙ እንስሳትን ከፍቶ ቢመረምርም፣ ክርክሩን የቋጨው በቀላል ሒሳብና በክንድ ላይ በሚታሰር ጨርቅ ነው። ሒሳቡን ዛሬ በምናውቀው ቁጥር ብንሠራው፣ ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይረጫል፤ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ 5 ሊትር ገደማ፣ በሰዓት ደግሞ 300 ሊትር ገደማ ይሆናል። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ደም በጠቅላላው 5 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ በሰዓት 300 ሊትር አዲስ ደም የሚሠራ ምግብ ከየትም አይመጣም፤ ያው ደም ተመልሶ መዞር አለበት። ክንድን ከላይ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ደግሞ የደም መልስ ሥሮች እንዲያብጡ ያደርግና ደሙ ወደ ልብ እየተመለሰ እንደነበር ያሳያል። ይህን ማእድ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ መረዳት ይቻላል። የልብ ምትን ተቀምጦ፣ ቆሞና ደረጃ ወጥቶ መቁጠር፣ ልዩነቱንም ጽፎ ምክንያቱን መፈለግ እውነተኛ ላብራቶሪ ነው፤ የሚመረመረው አካል ከተማሪው ጋር ይኖራልና።

ታዲያ ጥሩ ፈተና ምን ይመስላል? በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠራ ሰው አዛውንቱን ከአልጋ ሲያነሣ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ እንዲያስቀምጥ ይነገረዋል። ለምን? ሰው ሲቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያም የሚበልጥ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፤ ግፊቱም ዝቅ ይላል። በአንገት ደም ቅዳና ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ላይ ያሉ የነርቭ ጫፎች መቀነሱን ያውቁና ለአንጎል ይነግራሉ፤ አንጎልም ልብ እንዲፈጥን፣ የደም ሥሮችም እንዲጠቡ ያዛል። ውኃ ያነሰው ሰው፣ ወይም የልብን ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህ ማስተካከያ ይዘገይበታል፤ ራሱን ያዞረዋል፤ ይወድቃል። አንድ ፈተና ይህንን ሰንሰለት በራስህ ቃል አስረዳ ቢል፣ ልብን፣ የደም ሥርን፣ ነርቭን፣ እንዲሁም የመድኃኒትን ሥራ በአንድ ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው። የአሜሪካ የነርስነት ፈቃድ ፈተናም ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በታማሚው ላይ የሚታየውን አገናዝቦ መፍረድን በሚለኩ አዳዲስ ጥያቄዎች ተጠናክሯል። ስም መለየት ብቻ የለመደ ተማሪ እዚያ ሲደርስ ይቸገራል።

ከባዱ ተቃውሞ የእጅ ነገር ነው። «የሰውን አካል በስክሪን ማን አወቀው?» ይላሉ ብዙ መምህራን፤ ታሪክም ያግዛቸዋል። ጥንታዊው ሐኪም ጋሌን ዝንጀሮና ሌሎች እንስሳትን እየከፈተ የጻፈው ስለ ሰው እንደተጻፈ ተቆጥሮ 1300 ዓመት ገደማ ተጠንቷል። የሰው የታች መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው የሚለው ስህተት እንኳ የታረመው፣ አንድሬያስ ቬሳሊየስ የሰውን አካል በገዛ እጁ ከፍቶ ያየውን በ1543 ሲያሳትም ነው። መዳሰስ ዋጋ እንዳለው እቀበላለሁ። ነገር ግን በብዙ ኮሌጆች የመግቢያው ኮርስ በክፍል ሲሰጥም የሚዳሰሰው የፕላስቲክ ሞዴል፣ የበግ ልብና የላም ዓይን ነው። የበግ ልብ ደግሞ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም፤ በዓል ሲመጣ በጉ ይታረዳል፣ በስደትም ሥጋ ቤት ይገኛል። አራቱን ክፍሎች ከፍቶ የግራው ግድግዳ ከቀኙ ለምን እንደሚወፍር መጠየቅ ለማንም ይቻላል። የሰውን አካል በስሱ ቆርጦ በምስል ያኖረው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ፕሮጀክትም ከ1994 ጀምሮ ለትምህርት ክፍት ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ለአናቶሚው ክፍል ጥቂት ቅዳሜዎችን ኮሌጅ ሄዶ መዳሰስ ከተቻለ እሰየው፤ የተሻለው መንገድ እርሱ ነው።

ሌላው ተቃውሞ፣ ስሞቹ ካልተሸመደዱ ማስረዳት አይቻልም የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ የደም ቅዳን ከደም መልስ ያልለየ ስለ ግፊት ሊያወራ አይችልም። ስም ማወቅ የመጀመሪያው ደረጃ ነውና ደብተርን ደጋግሞ ከማንበብ በሚሻል ዘዴ መጠናት አለበት። ጄፍሪ ካርፒክና ሄንሪ ሮዲገር በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች የስዋሂሊ ቃላትን ከነፍቺያቸው እንዲያጠኑ ተደርጎ ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ ያወቋቸውን ቃላት ጭምር ራሳቸውን ደጋግመው የጠየቁት 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ፤ ማንበቡን ቀጥለው መጠየቁን የተዉት ግን ከ40 በመቶ በታች። ራስን መጠየቅ ደግሞ ለርቀት ተማሪ እንደተሠራ ነው፤ በአውቶቡስም፣ በእረፍት ሰዓትም ይሆናል። ስሙ በዚህ መንገድ በየሳምንቱ ይያዝ፤ ትልቁ ፈተና ግን ከዚያ በላይ ላለው እውቀት ይቆይ።

ስም ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ሌላም ችግር አለበት፤ ለኩረጃ ይመቻል። መጽሐፍ ገልጦ ወይም ስልክ ነክቶ መልሱን ማግኘት የሰከንዶች ሥራ ነው፤ ስለዚህ ኮሌጆች ካሜራና ተቆጣጣሪ ሶፍትዌር ያቆማሉ። ተማሪው ክፍሉን እያዞረ ያሳያል፣ ዓይኑን ከስክሪን እንዳያነሣ ይታዘዛል። በ2022 ኦሃዮ ውስጥ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከፈተና በፊት የተማሪን መኝታ ክፍል በካሜራ ማስቃኘቱ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ፍተሻ ነው ብሎ ፈርዷል። ፊትን የሚለዩ ማሽኖችም ሁሉን እኩል አያዩም። ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ከፊት ተነሥተው ጾታን የሚለዩ የገበያ ሶፍትዌሮች በጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ በነጭ ወንዶች ላይ ግን ከ1 በመቶ በታች ነበር ስህተታቸው። ያ ጥናት ስለ ፈተና ቁጥጥር አልነበረም፤ ሆኖም የተማሪን ዕድል ፊትን በሚያነብ ማሽን እጅ ከማስቀመጣችን በፊት ቆም ብለን እንድናስብ ይበቃል። ኩረጃን መከላከል ተገቢ ነው፤ የሚሻለው ግን ጥያቄውን የማይኮረጅ ማድረግ ነው።

ለዚህ አገራችን የቆየ ልምድ አላት። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ በንባብ ቤት ተማሪው የተጻፈውን በቃሉ ይዞ ይወጣዋል፤ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን የትናንቱ አይሠራለትም። ቀን ብቻውን ቆጥሮ ያዘጋጀውን አዲስ ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ፣ ምሥጢሩን ሲጠየቅ ያስታውቅበታል። ፊዚዮሎጂም በዚህ ዓይነት ሊፈተን ይችላል። መምህሩ አንድ ታማሚ ፈጥሮ ይነግረዋል፤ ተማሪው በቪዲዮ ፊት ለፊት ቀርቦ ለአሥር ደቂቃ ያስረዳል፤ መምህሩ መሐል ላይ «ኩላሊቱ ባይሠራስ?» ብሎ ይለውጥበታል። መጽሐፉ ተገልጦ አጠገቡ ቢቀመጥም ሰንሰለቱ ያልገባውን አያድነውም።

መምህራን ጊዜ የለንም ይላሉ፤ ጭነታቸው ከባድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን 24 ተማሪ ያለው ክፍል ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ቢሰጠው አራት ሰዓት ነው፤ በሴሚስተር ሁለት ጊዜ ቢደረግ ስምንት። የተጠረጠሩ ቪዲዮዎችን ለመመርመርና አቤቱታ ለመስማት የሚባክነው ጊዜ ለዚህ ቢውል ይሻላል። የበለጠ የሚያሳስበኝ የቋንቋ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ተማሪ የቃል ፈተና ሲባል ይፈራል፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ ማረሚያ መስፈርቱ አስቀድሞ ይሰጥ፤ ለአነጋገር ዘዬ ነጥብ አይቀነስ፤ ተማሪው በሥዕልና በቀስት እንዲያስረዳም ይፈቀድለት። በአንድ ቃል ከሚለያዩ አራት ምርጫዎች እንዲመርጥ በደቂቃ መቁጠርም እኮ የቋንቋ ፈተና ነው፤ እዚያ ግን «ምን ለማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው መምህር የለም።

ለመመዝገብ ያሰባችሁ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ የምትገቡበት የነርሲንግ ትምህርት ቤት የኦንላይን ላብራቶሪ ይቀበላል ወይ? አንዳንዶቹ አይቀበሉምና። ኮርሱስ በምን ይፈትናል? በሙያው ያላችሁ ነርሶችና ሐኪሞች ደግሞ በየማኅበራችሁና በየቤተ እምነታችሁ ለእነዚህ ተማሪዎች ጥቂት ሰዓት ስጡ፤ እንዲያስረዷችሁ ጠይቋቸው፣ አዳምጧቸው፣ አርሟቸው። ኮሌጆችም የካሜራውን ወጪ ለመምህር ሰዓት ያውሉት። ነገ ታማሚው አልጋ አጠገብ የሚቆመው ይህ ተማሪ ነው፤ የደም ግፊቱ ለምን እንደወረደ፣ ቀጥሎም ምን እንደሚመጣ ማወቅ አለበት። ይህን ማስረዳት የቻለ ተማሪ የትም ሆኖ ይማር፣ ትምህርቱን አውቆታል፤ ያልቻለውን ደግሞ ካሜራ ሲጠብቀው ቢውል እውቀት አይጨምርለትም።