ሞተሩ የተቃጠለ ፍሪጅ ለቆራሌው አይሸጥም!

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሞተሩ የተቃጠለ ፍሪጅ ዕጣው ሁለት ነው፤ ወይ ለቆራሌው በማይረባ ዋጋ ይሸጣል፣ ወይ በረንዳ ላይ አቧራ ይጠጣል። እዚያው ቤት ደግሞ የቡሬ በርበሬ በማዳበሪያ ታስሮ ክረምት ሲገባ ይሻግታል። ኧረ ተዉ ወገን!

ፈረንጆቹ የሚያደርጉትን ልንገራችሁ። የወይን ጠጅ ፍሪጃቸውን ወደ ሲጋር ማስቀመጫ ይቀይሩታል። ሲጋር ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ከረጠበ ይሻግታል፤ ስለዚህ የውስጡን አየር እርጥበት 70 በመቶ አካባቢ ያቆዩታል። እርጥበቱ እንዳይዋዥቅ የሚያደርገው በሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ነው። የእናንተም ፍሪጅ ሞተሩ ነው እንጂ የሞተው፣ ጎማው አልሞተም!

«ሲጋር የባለጸጋ ቅንጦት ነው፣ እኛ ምን አገባን?» የሚለኝ አይጠፋም። ሲጋሩን ተዉት፣ ዘዴውን ውሰዱ። ለበርበሬ፣ ለሽሮ፣ ለዘር በቆሎ 70 በመቶ ብዙ ነው፤ ሻጋታ የሚነሳው እዚያ አካባቢ ነው። ከ65 በታች ይሁን። ሻጋታው የሚያበላሸው ጣዕም ብቻ አይደለም። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዙ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ቢቆሉትም ቢቀቅሉትም ጨርሶ አይጠፋም።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ይህቺን ያዙልኝ፦ የተዘጋ ሳጥን የደረቀውን ደረቅ አድርጎ ያቆያል እንጂ እርጥቡን አያደርቅም። እርጥብ ከከተታችሁበት ሻጋታ ታረባላችሁ። መጀመሪያ ፈትኑት። በቆሎውን ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ አድርጋችሁ በደንብ ነቅንቁት፣ 15 ደቂቃ አቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ የበቆሎው እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ፀሐይ መልሱት! ባይለጠፍም ትንሽ ጨምራችሁ አድርቁት፤ ለረጅም ጊዜ ለማቆየት ከ13 በመቶ ባይበልጥ ነው የሚሻለው።

ጎተራን ይተካል አላልኩም። የቤት በርበሬና ለዘር የተመረጠ በቆሎ ግን ይችላል።

ሁለት ነገር አደራ! ከጀርባው ያለውን ቱቦ አትብሱት፤ የአንዳንዱ ፍሪጅ ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። በሩ መቀርቀሪያ ወይም ቁልፍ ካለው ደግሞ ንቀሉለት። አሜሪካ በ1956 እ.ኤ.አ. የፍሪጅ በር ከውስጥ እንዲከፈት በሕግ ያስገደደችው ሕፃናት ገብተው እየታፈኑ ስለሞቱ ነው።

ጎረቤታችሁ ቆራሌውን ሲጠራ ከሰማችሁ፣ እባካችሁ ሮጣችሁ አስቁሙት!